አራተኛዋ ምልክት

ቅዳሜ ጠዋት እናትየዋ እንደ ወትሮዋ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ፣ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ በሩ ጎን ያለውን ግድግዳ አነበበች። "ቀኝ" አለች በሌላው እጇ ጣት አቅጣጫውን እያሳየች። "ታች። ግራ።" አራተኛዋ ላይ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው አንገቷን ሰገግ አድርጋ ዓይኗን አጠበበች። "ታች... ቆይ፣ አይደለችም። ላይ ናት። የመጨረሻዋ ቀኝ።" ከዚያ መዳፏን ከዓይኗ አነሳችና፣ "እስከ ታችኛው መስመር ልቅም አድርጌ አነበብኩልሽ፣ የኔ ሐኪም። በይ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ" አለች። ግድግዳው ላይ ግን ምንም አልነበረም። አራት ትንንሽ የሚስማር ቀዳዳዎችና በመሃላቸው ከሌላው ቀለም ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። ልጅቷ ሻይዋን እንደያዘች ባዶውን ግድግዳ አየች፣ እናቷን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች። "ትክክል ነው" አለች፤ ሁልጊዜም የምትለው ይህንኑ ነው።

ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ያወረደችው ልጅቷ ራሷ ናት። አርብ ከሥራ እንደገባች ለቅዳሜው ጨዋታ ካርታ የምትስልበት ሰፊ ወረቀት ፈልጋ አጣች፤ ዙሪያዋን ስትቃኝ የዓይን መፈተኛው ወረቀት ታያት። ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እርሳስ ይይዛል። ነቀለችው፣ ወንዝና ድልድይ ሳለችበት፣ ጠቅልላ ከቦርሳዋ አጠገብ አቆመችው። ለእናቷ ልትነግራት አስባ ነበር፤ ኋላ ግን ቦታው ባዶ መሆኑን ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል ብላ ተወችው። ወረቀቱ ሹካ የመሰሉ ምልክቶች የተደረደሩበት ነው። ከላይ አንድ ትልቅ ሹካ አለ፤ ወደ ታች እያነሱ እየበዙ ይሄዳሉ፤ ተፈታኙ የሹካው ጥርስ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ከምትሠራበት መነጽር ቤት አሮጌ ተብሎ ሊጣል ሲል ያመጣችው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሐኪሙ የእናቷ የዓይን ግፊት መጨመሩን አይቶ "የጠፋው አይመለስም፣ ያለውን እንጠብቅ" ያለ ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ታስነብባታለች። መጀመሪያ ከምሯ ነበር፤ ቀስ በቀስ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ እናትየዋ አንድም መስመር ስታ አታውቅም። አራተኛዋ ላይ ብቻ ትደናቀፋለች፤ ትደናቀፍና ራሷን ታርማለች።

ልጅቷ ደነገጠች ማለት አይቻልም። አንድ ነገር ከውስጧ ቀስ ብሎ ሲወጣ ተሰማት፤ ብርጭቆ ውስጥ እንደተረሳ ሻይ ሙቀት። ቁጭ ብላ እናቷን ተመለከተች። እናቷ ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ የሠራች ሴት ናት። ሁለት መቶ አርባ የውስጥ ቁጥር በቃሏ ትይዝ ነበር፤ ዛሬም ብትጠየቅ የማዋለጃውን፣ የሬሳ ክፍሉን፣ የዳይሬክተሩን ቢሮ ቁጥር አንድ በአንድ ትናገራለች። ደዋዩን "ሄሎ" ሲል ታውቀዋለች። ለእንዲህ ዓይነት ሰው አምስት ሹካ ምኗም አይደለም። አሁን እናትየዋ ሻይ ስትቀዳ አመልካች ጣቷን ከብርጭቆው አፍ ውስጥ ጫን አድርጋ ይዛ ነበር፤ ሙቀቱ ጣቷ ሲደርስ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች። ይህንንም ስንት ጊዜ አይታዋለች። ጋዜጣ ማንበብ የተወችው "ወሬው አንድ ነው" ብላ ነው። ቴሌቪዥኑን ጀርባዋን ሰጥታ የምትሰማው "አንገቴን ያመኛል" ብላ ነው። የሹራቧን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ እየዳበሰች የምትቆልፈው፣ እቃ ሁሉ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል የምትቆጣው፣ ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም ምክንያት ደግሞ ሰው የሚያምነው ዓይነት ነበር።

"ሰውዬው ስለ አዲሱ ሥራ መልስሽን መቼ ነው የሚፈልገው?" አለች እናትየዋ ዳቦውን ወደ ልጇ እየገፋች።

"ሰኞ ሦስት ሰዓት።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እንደኔ አስቢው እስቲ። ኃላፊ ልሁን ብለሽ ደጅ አልጠናሽ፤ ራሱ ነው ነይ ያለሽ። ዓይኔ እንደሆነ ይኸው አየሽው።"

"አየሁት" አለች ልጅቷ።

ከቤት ስትወጣ የተጠቀለለውን ወረቀት ብብቷ ውስጥ ያዘች። እናቷ በሩ ድረስ ሸኘቻትና እንደ ሁልጊዜው የኮቷን ኮሌታ አስተካከለችላት፤ እጇ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ኮሌታዋን፣ ከዚያ ጉንጯን አገኘ። ልጅቷ ይህን እስከ ዛሬ ፍቅር ብቻ ይመስላት ነበር። ደረጃውን ወርዳ፣ የተከራዮቹን የፖስታ ሣጥኖች አልፋ፣ መንገዱን ተሻግራ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመች። ቅዳሜ ስለሆነ አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ተቀምጣ የማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፤ ከእናቷ ሌላ የምታስበው ነገር ቢኖራት ጥሩ ነበር፤ የነበራት ግን ጨዋታው ብቻ ነው።

ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና ዕድል ለማወቅ በሚጣሉ፣ ብዙ ገጽ ባላቸው ባለ ቁጥር ዳይሶች የሚጫወቱት ነው። አራት ናቸው። አንዷ፣ ልጅቷ፣ አጫዋች ናት፤ አንድ የፈጠራ አገር ትተርካለች፤ ሦስቱ ጓደኞቿ በዚያ አገር የሚዞሩ ሰዎች ይሆናሉ፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ፣ ጠላቱንም ወዳጁንም፣ እሷ ሆና ትናገርላቸዋለች። በሰው መሃል ድምፅዋ የማይሰማ ሴት እንዴት ይህን እንደምትችል ራሷም አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መነጽር ቤቱ ሲዘጋ በጓዳው ተጫውተዋል፤ አሁን ታሪኩ ወደ ማለቂያው ደርሷል። እንዲያልቅ ደግሞ ተጫዋቾቹ ስምንት ወር የተሸከሙትን የንግሥቲቱን ማኅተም በገዛ እጃቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ለጠላት መስጠት አለባቸው። ችግሩ እሷ መዋሸት አለመቻሏ ነው። እስካሁን አራት ክፉ ሰዎች ፈጥራላቸዋለች፤ አራቱም ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ታወቁ። "አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል" ይሏታል። እናቷም ከልጅነቷ ጀምሮ የምትላት ይህንኑ ነው። ለዛሬ የድልድይ ጠባቂ የሆነች አሮጊት አዘጋጅታ ነበር፤ አሮጊቷ እንድትታመን ሦስት ገጽ ጽፋለች፤ ልጇ የሞተባት፣ የተቀደደ ደብዳቤ የያዘች፣ እሱን እያየች የምታለቅስ። ደብተሩን ገልጣ አነበበችው። ስታነበው ራሷም አላመነቻትም።

መነጽር ቤቱ ስትደርስ ባለቤቱ ቀድሟት መስታወቱን እየወለወለ ነበር። ደንበኞች ሁሉ "ዶክተር" ይሉታል። ዶክተር አይደለም፤ አይደለሁም ብሎም አያውቅም። "እህስ፣ የክፍለ ሀገሯ ኃላፊ" አላት፤ ስምንት ሰዓት በአውቶቡስ የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ የሌንስ መቁረጫውን ክፍል እንድትይዝለት ይፈልጋል። "ሰኞ ብለሻል፤ ሰኞ ነው። ከሰኞ ያለፈ እንደሆነ ያቺ ቀበጥ የእህቴ ልጅ አለች።" ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከመደርደሪያው ጀርባ ገብታ ነጭ ካፖርቷን ለበሰች፤ ከትናንት የቀሩትን ሌንሶች በቁጥራቸው ደረደረች፤ እጆቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ለእነሱ ሐሳብ አያስፈልጋቸውም።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ጎልማሳ የጭነት መኪና ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ መጣ። የዓይን ማረጋገጫ ወረቀት ነው የሚፈልገው። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ ገና ዓይንዎን ይሸፍኑ ሳትለው፣ የታችኛውን መስመር እንደ ጎርፍ ወረደበት፤ ግራ፣ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች። ልጅቷ ወረቀቱን አወረደችና ሁለተኛውን ሰቀለች። እዚህ ቤት ሦስት ዓይነት ወረቀት አለ፤ ሹፌሮች ተራ ሲጠብቁ እየሸመደዱ ስለሚገቡ ይለዋወጣል። ይህን ዘዴ ያመጣችው እሷ ናት፤ ዶክተሩ ለሰው ሁሉ ሲያወራላት ይኖራል። ሹፌሩ አዲሱን ወረቀት ጎንበስ ብሎ አየው።

"ምነው እህቴ፣ የበፊቱ ምን ሆነ?"

"ይሄም ያው ነው። ያንብቡት።"

"የበፊቱ ይሻለኝ ነበር። እሱን አውቀዋለሁ።"

ራሱም ሳቀ። ልጅቷ ግን እጇ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቆመች። ስንቱን ሸምዳጅ በዚህ ወንበር ላይ ይዛለች። ሁሉንም የምታውቃቸው በአንድ ነገር ነው፤ ሳይደናቀፉ ነው የሚያነቡት። እውነት የሚያይ ሰው ትንሿ መስመር ላይ ሲደርስ ይጠራጠራል፤ ዓይኑን ያጠብባል፤ ይሳሳትና ያርማል። እናቷ ይህን ያወቀችው ከራሷ ከልጅቷ አፍ ነው። አንድ እራት ላይ እየሳቀች ነግራታለች። "ሞኞች ናቸው" ብላት ነበር፣ "አንዷን እንኳ ቢስቱ አምናቸው ነበር።" እናትየዋም አብራት ስቃለች። አራተኛዋ ላይ መደናቀፍ የጀመረችው ከዚያ በፊት ይሁን ከዚያ በኋላ ልጅቷ ለማስታወስ ሞከረች። ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ቤት ወረቀቱን የምትለዋውጥ ሴት፣ የእናቷን ወረቀት ሦስት ዓመት አንድም ቀን ለመቀየር አላሰበችም። ለሹፌሩ መነጽር ያስፈልግዎታል ብላ ቁጥሩን ጻፈችለት። "በይ እንግዲህ፣ ከአንቺ ጋር ማን ይከራከራል" ብሎ ተቀበላት።

ደንበኛ ሲጠፋ ከጓዳው ሆና ለወንድሟ ደወለች። ታላቋ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ እናታቸውን በየሦስት ወሩ ሐኪም ጋ የሚወስዳት እሱ ነው። ቅዳሜ አውቶቡሱን የሚያጥብበት ቀን ስለሆነ ከጀርባው ውሃ ሲፈስ ይሰማል።

"እማዬን ባለፈው ስትወስዳት ሐኪሙ ምን አለ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ምንም ለውጥ የለም አለ። ጠብታዋን ትቀጥል አለ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ደግሞ ጨው ቀንሱላት አለ። ሰው በዝቶ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ነው የጠበቅነው፣ አንዲት ሴትዮ ከፊታችን ገብታ ከዘበኛው ጋር ስትጣላ..." ወንድሟ ሲዋሽ ወሬ ያበዛል። ከዚያ በድንገት አቆመና፣ "አንቺ መቼ ነው የምትሄጂው?" አላት።

"አልወሰንኩም።"

"ሂጂ እንጂ። እኔ አለሁ አይደል እንዴ።" ውሃው ይፈስሳል። እሱ እንዳወቀች ያወቀ መሰላት፤ እሷም እንዳላወቀች ሆና መቆየት ቀለላት። "በቃ ሥራ ላይ ነኝ" አለችው፤ "በቃ እሺ" አላት። እናታቸው አስምላው ይሆናል። ወይም ማስማልም አላስፈለጋት ይሆናል፤ ልጆቿ ሁሌም ያዘዘቻቸውን ያደርጋሉ።

ደብተሯን አወጣችና ስለ አሮጊቷ የጻፈችውን ሦስት ገጽ በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘችው። ልጇ አልሞተም። አታለቅስም። ደብዳቤ የላትም። ተጫዋቾቹ ሰውን የሚፈትኑበት አንድ ዘዴ አላቸው፤ የንግሥቲቱ ሰው ነኝ ያለን ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። የንግሥቲቱ ፈረስ ምን ዓይነት ነበር? ከተማዋን ጥላ ስትወጣ በየትኛው በር ወጣች? ወንዙ ላይ ምን ጣለች? ስምንት ወር ያገኙትን ሁሉ በዚሁ ፈትነዋል፤ በመጠጥ ቤት፣ በገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ። ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ "ሦስቱንም ታውቃለች። ሦስተኛው ላይ ትደናቀፋለች።" ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ "ምንም አትለምንም። ራሳቸው እስኪሰጧት ትጠብቃለች።" ከዚያ፣ ማንኛውም ክፉ ሰው ሲፈጠር መጀመሪያ የሚጠየቀውን፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ መጨረሻ ላይ የምታስበውን ጥያቄ ጻፈች፤ "ምንድን ነው የምትፈልገው?" ሥልጣን ብላ ልትጽፍ ነበር። እርሳሱን ይዛ ቆየች። "እንዲሄዱ" ብላ ጻፈች። "ድልድዩን ተሻግረው፣ ዞር ብለው ሳያዩ እንዲሄዱ።"

ሰባት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ቁልፉን ትቶላት ሄደ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱ መጡ። አንዱ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በየሕጉ ስለሚከራከር "ዳኛው" ይሉታል፤ በጨዋታው ውስጥ ጋሻ ያዥ ነው። ሁለተኛው አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ "ረጅሙ" ይሉታል፤ የበሩን መቃን በግንባሩ ስለሚለካ ሊሆን ይችላል፣ በጨዋታው ድንክ መሆንን የመረጠው። ሦስተኛዋ ነርስ ናት። መጀመሪያ ቀን ሐኪም ሁኚልን ሲሏት፣ "ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰው ስፈውስ ውዬ እዚህም ልፈውስ? ሌባ አድርጉኝ" ብላ ሌባ ሆናለች። የሌንስ ካርቶኖቹን ገፋ ገፋ አድርገው ጠረጴዛውን ከበቡ። ልጅቷ ወረቀቱን ዘረጋች፤ ወንዙና ድልድዩ ከላይ፣ ሹካዎቹ ከታች።

"ዛሬ ደግሞ ማን ነው የሚያታልለን?" አለ ዳኛው እጆቹን እያፋተገ።

"ገና ሳታወራ አትጀምርባት" አለች ነርሷ። "ትንሽ እንኳ ያታለለችን ይምሰላት፣ ደስ ይበላት።"

አሮጊቷ ድልድዩ ዳር ቁጭ ብላ ገመድ ትፈትላለች አለቻቸው ልጅቷ። ሲጠሯት ቀና አላለችም። ሲጠይቋት ግን በቅንነት መለሰች፤ ውሃው ሞልቷል፣ ሦስተኛው ሳንቃ ላላ ብሏል፣ እሱን ዘላችሁ እለፉ። ረጅሙ ዳይስ ጥሎ ሳንቃውን ፈተሸ፤ እውነትም ላልቷል። ዳኛው አልተበገረም። ሦስቱን ጥያቄ አቀረበ። "ፈረሱ ዳማ ነበር" አለች ልጅቷ በአሮጊቷ ድምፅ፤ ድምፅዋ እንደ ተኛ ውሃ ነበር፤ ከፍም ዝቅም አላለም። "በሰሜን በር ነው የወጣችው።" ወንዙ ላይ ምን ጣለች ሲላት ገመዱን አቆመች። "ቀለበቷን... ቆይ፣ አይደለም። ዓይኔም ትውስታዬም ደክሟል። ጫማዋን ነው። አንድ እግሯን።" ጓዳው ውስጥ ማንም አልሳቀም። ዳኛው ማስታወሻውን አየ፤ ትክክል ነው። ነርሷ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፣ አንድ ነገር ፈልጋ እንዳጣች ሁሉ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ በራሱ ሆነ። አሮጊቷ ምንም አልጠየቀቻቸውም። የጠላታቸው የንጉሡ ወታደሮች ማዶ ሰውን እንደሚፈትሹ ብቻ፣ እውነቱን፣ ነገረቻቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፤ ረጅሙ ማኅተሙ እንደ ወትሮው ጫማዬ ውስጥ ይቆይ አለ፤ ዳኛው ይገኛል አለ፤ በመጨረሻ ነርሷ፣ "ለእሷ ለምን አንሰጣትም? ስንመለስ እንወስዳለን" አለች። አሮጊቷ መጀመሪያ እንቢ አለች። አሮጊት ነኝ፣ አደራ አትጣሉብኝ አለች። እንዲህ ስትላቸው ለመኗት። ተሻግረው ማዶ ሲደርሱ ልጅቷ በዚያው በማይለዋወጥ ድምፅ፣ ከኋላቸው ገመዱ እንደተቆረጠና ድልድዩ ወንዙ ውስጥ እንደወደቀ፣ አሮጊቷም ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየቻቸው ነገረቻቸው።

ረጅሙ ዳይሱን በጣቱ አንከባለለው። "ስምንት ወር" አለ። "ስምንት ወር ጫማዬ ውስጥ አስተኝቼው..."

"እኔ ያመንኳት ስትደናቀፍ ነው" አለች ነርሷ። "ልቅም አድርጋ ብትመልስ ኖሮ እነቃባት ነበር።"

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ ዳኛው፤ የተናደደ አይመስልም፤ የተከበረ ይመስላል። "ማወቅ እንችል ነበር ወይ? ማወቂያ ከሌለው ሕገ ወጥ ነው።"

ልጅቷ ወረቀቱን መጠቅለል ጀምራ ነበር። "ትችሉ ነበር። ሁልጊዜ የምትጠይቁት ያንኑ ሦስቱን ነው። ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ጠይቃችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ብትጠይቋት መልሱ ይጠፋባት ነበር።" ዳኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ይግባኝ የለም አለ። ሲወጡ ነርሷ ወደ ኋላ ቀረት አለችና፣ "ዛሬ ድምፅሽ አልቀጠነም" አለቻት። "ደህና ነሽ?" ልጅቷ ደህና ነኝ አለቻት። ያን ጊዜም አልቀጠነም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤት ደረሰች። ገና ብርሃን ነበር፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ የቀረው ፀሐይ ጠረጴዛውን ገምሶ ይታያል። እናቷ ጨለማው በኩል ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ በጣቶቿ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። "መጣሽ" አለች። ልጅቷ ኮቷን አወለቀች፤ ወረቀቱን ከግድግዳው ጋር አስደግፋ አቆመች፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ያዘጋጀችውን ተናገረች። "ዶክተሩ ሥራውን ለእህቱ ልጅ ሰጥቶታል። ዛሬ ነገረኝ። ያንቺ እጅ እዚህ ያስፈልገኛል አለ።" ድምፅዋ የአሮጊቷ ድምፅ ነበር። እናቷ ጣቷን ምስሩ ውስጥ እንደነከረች ጆሮዋን ዘንበል አደረገች፤ የስልክ ማዞሪያው ሰሞን እንደምታደርገው። ልጅቷ አንዲት ነገር ጨመረች። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ፈርቼ ነበር።"

እናትየዋ አንድ ጠጠር አገኘችና ለይታ አስቀመጠች።

"የመጨረሻዋን ባትጨምሪያት ኖሮ አምንሽ ነበር" አለች።

ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ ጥቅሉን ፈታችው። ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። የእናትየዋ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። ወፍራም ወረቀት ሲፈታ የሚያሰማውን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት በድምፅ የኖረች ሴት ደግሞ ምን እንደተፈታ፣ ከየት እንደመጣ፣ ጠዋት የት እንዳልነበረ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባትም። ልጅቷ ሚስማሮቹን በየቀዳዳቸው እየመለሰች ሰቀለችው። አራቱን ሚስማር ስትጫን አራት ጊዜ ድምፅ ተሰማ። ሰቅላ ስትጨርስ ወደ ውጭ የዞረው ካርታው እንደሆነ አየች። አላስተካከለችውም።

"መቼ ነው ያወረድሽው?" አለች እናትየዋ።

"ትናንት።"

እናትየዋ ከወንበሯ ተነሳች። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ከግድግዳው ፊት ቆመች። ዓይኗን አልሸፈነችም፤ አንገቷንም አላሰገገችም። "ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ" አለች በአንድ ትንፋሽ፣ የሬሳ ክፍሉን ቁጥር እንደምትናገረው፣ አራተኛዋ ላይ ሳትደናቀፍ። ልጅቷ "ትክክል ነው" አላለችም። እስከ ዛሬ ጠይቃት የማታውቀውን አንድ ጥያቄ አሰበች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥያቄው አጠገቧ ነበር።

"እማዬ፣ ፊቴ ይታይሻል?"

ውጭ የሆነ መኪና አለፈ። እናትየዋ ፊቷን ወደ ልጇ ድምፅ አዞረች፤ ዓይኖቿ ከልጅቷ ግንባር ትንሽ ከፍ ብለው አረፉ።

"የቆምሽበትን አውቃለሁ" አለች።

ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ተቀመጠች። ከምስሩ እፍኝ ወስዳ መልቀም ጀመረች። ሰኞ ሐኪም ጋ የምወስድሽ እኔ ነኝ፣ ወንድሜ አይደለም አለች። እናትየዋ ሰኞ ሦስት ሰዓትስ፣ ሰውዬውስ አለች። ይጠብቃል አለች ልጅቷ፤ ካልጠበቀም ቀበጥ የእህት ልጅ አለችው፤ ይህ እንኳ እውነት ነው። እናትየዋን ሊያስቃት ነበር፤ ግን አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ነካች። ጣቶቿ ልጅቷ እርሳሱን ጫን አድርጋ የሳለችበትን ሰርጓዳ መስመር አገኙና ቀስ ብለው ተከተሉት፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው፣ ሳንቃ በሳንቃ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ድልድይ።"

"ማን ነው የሚጠብቀው?"

"አንዲት አሮጊት ናት።"

ጣቷ ድልድዩ ዳር ደርሶ ቆመ። "ጥሩ ሰው ናት?"

ልጅቷ አንድ ጠጠር አገኘች፤ ከእናቷ ጠጠር አጠገብ አስቀመጠችው።

"ሁሉም አምነዋታል" አለች።